ሊቀ ቅይጥ እና ሁለቱ ቀለበቶች

ጡረታ የወጣ መምህር ዝም ያለበት ሰፈር እስካሁን አልተገኘም። ከትምህርት ቤት ያሰናብቱታል እንጂ ከማስተማር የሚያሰናብተው አልተወለደም።

ለሰፈራችን ወርቅ አንጥረኛ የደረሱት ጡረተኛው የኬሚስትሪ መምህር ናቸው። ሰፈሩ «ሊቀ ቅይጥ» ይላቸዋል። ክቡርነታቸው በየጠዋቱ ሱቁ ሳይጠረግ ይደርሳሉ፤ በደንበኛ ወንበር ይሰየማሉ፤ ከዚያ ዓለምን ማረም ይጀምራሉ። ከኪሳቸው ማግኔት አይጠፋም። የበር እጀታ፣ የሰው ቀበቶ ዘለበት፣ የሻይ ማንኪያ፣ ያልተመረመረ የለም። «ንጹሕ ብረት ብሎ ነገር የለም!» ይላሉ፣ ሻያቸው እስኪበርድ። «ማንኪያው ክሮም አለበት። መጥረቢያው ካርቦን አለበት። ነሐስማ መዳብና ቆርቆሮ ተቃቅፈው ነው!» ወገን ሆይ፣ ከዚህ የከፋ ጭቆና አለ?

አንድ ቀን አንዲት ሙሽራ ቀለበት ለካች። «ንጹሕ ወርቅ ነው አይደል?» ስትል አንጥረኛው አፉን ሳይከፍት ከወንበሩ ድምፅ መጣ።

«ንጹሕማ ቢሆን እንደ ማስቲካ ይጣመምብሽ ነበር፣ የኔ ልጅ! መዳብ ገብቶበታል። ጠጣር ሙሙት ይባላል፤ ስኳር ሻይ ውስጥ እንደሚጠፋ ሁሉ…»

ሙሽራዋ የሰማችው «መዳብ» የምትለዋን ብቻ ነው። ማዶ ካለው ሱቅ ገዛች።

«መምህር፣ ምን በደልኩዎት?»

«እውነት ነው የነገርኳት!»

«እውነትዎን ለምን ቤትዎ አይናገሩም?»

«ለማን?» አሉ።

አንጥረኛው ምላሱን ነከሰ። ባለቤታቸው ካረፉ ዓመት ሊሞላ ነው። ያንን ሁሉ ንግግር አርባ ዓመት ብቻቸውን ተሸክመው ሰፈሩን አሳርፈውት የኖሩት ባለቤታቸው እንደነበሩ የታወቀው ሲሞቱ ነው።

በማግስቱ ክቡርነታቸው ማግኔቱን ሳይመዙ ገቡ። ከመሐረብ ሁለት ቀለበቶች ፈትተው መስታወቱ ላይ አስቀመጡ፤ የራሳቸውንና የሚስታቸውን።

«አንድ ላይ አቅልጣቸው» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። «አንዴ ከተዋሐዱ የቱ የማን እንደነበር ማንም አይለይም። እንደዚያ ሆነን እንድንቀር ነው።»

አንጥረኛው የሴትየዋን ቀለበት በማጉያ መነጽር አየ። በውስጥ በኩል ግራጫ ነገር ተድበልብሏል። የሬዲዮ ሽቦ የሚያያዝበት እርሳስ! ይህ አብሮ ከቀለጠ ወርቁ እንደ ደረቅ ብስኩት ይሰነጣጠቃል፤ ሁለቱም ቀለበቶች ይበላሻሉ።

«ይህን ማን በየደው?»

ሊቀ ቅይጥ የመሐረባቸውን ጫፍ ያጥፉ ይዘረጉ ጀመር።

«እኔ» አሉ በመጨረሻ። «በተጋባን በዓመቱ ተሰበረ። አንጥረኛ ምን ያውቃል ብዬ እኔው ራሴ… ጣቷን ይቧጭራት ነበር መሰለኝ። አንድም ቀን አልነገረችኝ።»

«ፍቄ ላውጣው? ከዚያ ይቀልጣል።»

ቀለበቱን ከእጁ ነጠቁት። «አትንካው! እሷ እንኳ ያላስነካችውን?»

አንጥረኛው ስንት ወር ሲመኘው የከረመው ድል ይኸው እጁ ላይ ወደቀ። ለአንድ ሰው ቢተነፍስ እስከ ማታ ሰፈሩ ይስቃል፤ ሊቀ ቅይጥ ከነሹመታቸው ይሻራሉ። ሽማግሌው ግን የሚስታቸውን ቀለበት ትንሿ ጣታቸው ላይ ሊያስገቡ እየታገሉ ነበር። ቀለበቷ አንጓው ላይ ቆማ እንቢ ብላለች።

አንጥረኛው የሱቁን በር ዘጋ። ወንበር ስቦ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠና፣ ሙያውን ከጀመረበት ቀን አንስቶ ጠንቅቆ የሚያውቀውን ነገር ጠየቀ።

«መምህር፣ እርሳስ የገባበት ወርቅ ለምንድን ነው የሚሰነጠቀው?»

ሽማግሌው ቀና አሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እሱማ ረጅም ነገር ነው።»

«ይርዘም፣ ጋሼ።»