የጋሼ ኑረዲን ድምፅ

የኮሎራዶ ሴቶች የመምረጥ መብታቸውን ያገኙት በድምፅ ብልጫ ነው። በማን ድምፅ? በወንዶች! ይህን ያጫወተኝ ሰው እንደ ትልቅ ደግነት ነው ያወራልኝ፤ እኔ ግን ደሜ ፈላ። ቦርሳችሁን የወሰደ ሰው «ይመለስላቸው ወይስ አይመለስላቸው?» እያለ ከጓደኞቹ ጋር እጅ ቢያወጣ፣ ሲመልስላችሁ ታመሰግኑታላችሁ? ሴቶቹ ለዚያች ነገር ስንት ዓመት ደጅ እንደጠኑ ደግሞ ማንም አያነሣም።

የድሮ ታሪክ ነው እንዳትሉኝ። እዚሁ ኮሎራዶ፣ አውሮራ ከተማ ያለው እድራችን እስካለፈው ወር ድረስ «አንድ ቤተሰብ አንድ ድምፅ፤ ድምፅ ሰጪውም አባወራው» የሚል ደንብ ነበረው። እኛ ሴቶች የአሜሪካን ፕሬዚዳንት በፖስታ በሚመጣልን ወረቀት እንመርጣለን፤ የእድሩን ጸሐፊ ግን መምረጥ አንችልም። ሰው ሲሞት ወጥ የምንሠራው፣ ሐዘንተኛ የምናጽናናው፣ ዕቃ የምናጥበው እኛው ነን። ከስብሰባም አንቀርም፤ ሳምቡሳ ይዘን ከኋላ እንቀመጣለን። አንዳንዱ ታዲያ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» እያለ ሳምቡሳዬን ይበላል። አፉን ሞልቶ!

ባለፈው ወር ከባድ ነገር ቀረበ። እድሩ ከእንግዲህ የሚረዳው አስከሬን ወደ አገር ቤት ሲላክ ብቻ ይሁን፣ እዚህ ለሚቀበር ሰው አይክፈል የሚል ሐሳብ ነው። እትዬ ሰዓዳ ይህን ሲሰሙ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ባለቤታቸው ጋሼ ኑረዲን አምና ሞተው እዚሁ ተቀብረዋል፤ እሳቸውም ቀናቸው ሲደርስ ከጎናቸው ማረፍ ነው የሚፈልጉት።

«እኔም እመርጣለሁ» አሉ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፣ ደንቡ አይፈቅድም» አለ ሊቀመንበሩ በትሕትና። ይበልጥ ያናደደኝ ትሕትናው ነው።

ጸሐፊው የድምፅ ሰጪዎችን ስም መጥራት ጀመረ። ዝርዝሩን ከአምና ወዲህ የነካው ሰው የለም መሰለኝ፣ «አቶ ኑረዲን!» ብሎ ተጣራ። እድሩ ራሱ የቀበራቸውን ሰው!

«እሱ የለም፤ እኔ አለሁ» አሉ እትዬ ሰዓዳ።

ኮሚቴው ተንሾካሾከና ብልሃት አገኘ። የሟች አባልነት ስላልተሰረዘ፣ እትዬ ሰዓዳ በሟች ስም፣ እንደ ወኪል ሆነው እጅ ማውጣት ይችላሉ ተባለ። ሰማችሁልኝ? የሞተ ሰው ድምፅ አለው፤ ቆማ የምትናገር ሴት የላትም! እኔ ትሪዬን አንሥቼ ልወጣ ነበር። እትዬ ሰዓዳ ግን ድምፃቸውን እንኳን ከፍ አላደረጉም።

«እሺ። መጀመሪያ ግን ሴቶች ይምረጡ አይምረጡ የሚለው ይወሰንልኝ።»

ወንዶቹ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጨቃጨቁ። አንዱ ሹፌር «ቤታችን ውስጥ ኮንፍሊክት ክሬት ታደርጋላችሁ» አለ። ሚስቱን ስለማውቃት ሳቄ መጣ፤ ጠቡ ድሮም ነበረ። በመጨረሻ እጅ ወጣ፣ ተቆጠረ፣ እኩል ለእኩል ሆነ። የቀረው የጋሼ ኑረዲን ድምፅ ብቻ ነው።

እትዬ ሰዓዳ እጃቸውን አወጡ።

ሊቀመንበሩ «ለእናቶቻችንና ለእህቶቻችን መብታቸውን ሰጠናቸው!» ብሎ አስጨበጨበ። ወንዶቹም ለራሳቸው አጨበጨቡ። «የሰጣችሁትን ከማን ወስዳችሁ ኖሯል?» ብዬ ልጮህ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። እኛ ግን ወዲያው እጃችንን አወጣንና ያንን የቀብር ሐሳብ ጣልነው። እትዬ ሰዓዳ የፈለጉበት ቦታ ያርፋሉ።

ግሌንዴል ወዳለው ቤታቸው ላደርሳቸው መኪና ውስጥ ስንገባ ንዴቴ ገና አልበረደም። አንድ ነገርም ይከነክነኛል፤ ያንን የአባወራ ደንብ በገዛ እጃቸው የጻፉት ጋሼ ኑረዲን ነበሩ።

«እትዬ፣ ጋሼ በሕይወት ቢኖሩ እጃቸውን ያወጡ ነበር?» አልኳቸው።

«ወላሂ አያወጣም! አላህ ይዘንለት» አሉ ቀበቷቸውን እያሰሩ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእኔ ስም ሲወስን ኖረ። እኔ አንድ ቀን በእሱ ስም ብወስን ምን አለበት?»