ሙክቱ፣ ጡሩምባውና የቁናው ምት

ነገሩ የተያዘው በአንድ ሙክት ፍየል ነው። ሙክቱ የኔ ነበር፤ ዓመት ከመንፈቅ አተላና ገብስ እያበላሁ ያሰባሁት። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ሰው ስለ ዜማ ሲያወራ ማን ምን እንዳወጣ መናገር ስለሚረሳ ነው።

እኛ የእስቴ ሰዎች በዜማ ነገር ሁለት መደብ ብቻ እናውቅ ነበር። አንዱ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ይከበራል። ሌላው የአዝማሪ ነው፤ ይሰማል እንጂ ልጅ አይዳርለትም። በጃንሆይ ጊዜ ታዲያ አንድ ወጣት መምህር ከአዲስ አበባ ሳጥን አስጭኖ ከተማችን መካነ ኢየሱስ መጣና ከሳጥኑ ቫዮሊንና ጡሩምባ ሲያወጣ ከየትኛው እንደምንመድበው ቸገረን።

መምህሩ አልቸኮለም። በመጀመሪያ ልጆቹን ክብ አስቀምጦ እየዘፈኑ ጠጠር እንዲቀባበሉ አደረገ፤ ዘፈኑ ሲቆም ጠጠሩ እጁ ላይ የተገኘ ይወጣል። ቀጥሎ እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ የሥራ ምት ይዞ እንዲመጣ አዘዘ። አንዷ የሙቀጫ አመጣች፤ አንዱ አውድማ ላይ የሚዞሩ በሬዎችን ኮቴ። ልጄ ብርቄ ደግሞ እኔ እህል ስገዛ ቁናውን መታ መታ የማደርግበትን አመጣች። ቁና ሲመታ እህሉ ይጠቀጠቃል፤ የተጠቀጠቀ ቁና ደግሞ ብዙ ይይዛል። ስሸጥ አልመታውም። መምህሩ የነጋዴ ነገር ስለማያውቅ ደስ ብሎት ተቀበላት፤ ምቶቹንም በጭብጨባ እያጋጠሙ የራሳቸውን አዲስ ምት ሠሩ።

መሣሪያዎቹ ሲታደሉ ጡሩምባው የደረሰው ለደሴ ነው፤ የባላምባራስ ዓለሙ ልጅ። ባላምባራስ ይህን ሲሰሙ ልጄን ለአዝማሪነት አልወለድሁትም፣ ከትምህርት ቤቱ አስወጣዋለሁ አሉ። የተማሪው እኩሌታ የሳቸው ዘመድና ጭሰኛ ልጅ ነው። ደሴ ከወጣ ሁሉም ይከተለዋል፤ ተማሪ ከሌለ መምህሩ ይነሣል፤ ብርቄም ፊደሏን እንደ ጀመረች ቤት ትቀራለች። ሒሳቡ ግልጽ ነው። ቤታቸው ሄድሁ።

አንድ ጊዜ ሰምተው ይፍረዱ አልኋቸው። «ብሰማስ? ድንጋይ ነኝ፤ ከወንበሬ አልነቃነቅም» አሉ። በኛ አገር ያልተወራረዱበት ክርክር እንደ ጨዋታ ስለሚቆጠር በሙክቴ ተወራረድሁ። ከትንሣኤ በኋላ በአንዱ እሑድ ልጆቹ ለወላጅ ሲያሰሙ፣ ባላምባራስ ሳያልቅ ከወንበራቸው ከተነሡ ደሴ ይማራል፤ እስከ መጨረሻው ከተቀመጡ ሙክቱ የሳቸው ነው፣ ልጁም ይወጣል። ዳኛችን የደብሩ መሪጌታ ሆኑ።

ቀኑ ደረሰ። ባላምባራስ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀመጡ። የጠጠሩ ጨዋታ አለፈ፤ አልሣቁም። ጭብጨባው አለፈ፤ ጣታቸው እንኳ አልተነቃነቀም። ቫዮሊኑ ሲያለቅስ መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ባላምባራስ አጥሩ ሥር የታሰረውን ሙክቴን ይመለከቱ ነበር።

ከዚያ ደሴ ጡሩምባውን አነሣ። እስከዚያ ቀን የሚለማመደው በር ተዘግቶ፣ የጡሩምባው አፍ ላይ ጨርቅ ተወትፎ ነው። ያን ዕለት ጨርቁ ወጣ።

በኛ አገር ጡሩምባ የሚነፋው ሰው ሲሞት ነው። ይህን ለመምህሩ የነገረው አልነበረም፤ እኔም አላሰብሁት። ባላምባራስ «ማን ሞተ?» ብለው ብድግ አሉ። ከተማውም ተነሣ። ወንዱ ዱላውን ይዞ፣ ሴቷ ነጠላዋን ለለቅሶ አዘቅዝቃ ግቢውን ሞሉት። ማን እንደ ሞተ ስላልታወቀ እያንዳንዷ የራሷን ሟች አለቀሰች። የሞተ እንደሌለ እስክናስረዳ ድረስ ብዙ እንባ ፈሰሰ።

ባላምባራስ ለለቅሶ እንጂ ለዘፈን አልተነሣሁም ብለው ተከራከሩ። እኔም ውሉ መነሣት ነው፣ ምክንያቱን አልተዋዋልንም አልሁ። መሪጌታ ሁለታችንንም ሰምተው ፈረዱ።

«ተነሥተዋል፤ ልጁ ይማር። ለቅሶ የደረሰ ሰው ግን ሳይቀምስ አይሄድም፤ ሙክቱ ይታረድ።»

«መሪጌታ፣ እኔ እኮ ነኝ ያሸነፍሁ።»

«አዎን፤ ለቀስተኛውን ያስጠራኸውም አንተ ነህ።»

ባላምባራስ ፍርዱን አይቀበሉም ብዬ ፈርቼ ነበር። ሥጋው ሲቀርብ ግን ወደ ጎን ሳቡኝ። ሕዝቡን በዓይናቸው ሲለኩት ቆይተዋል፤ በኛ ዘንድ የሰው ክብር የሚለካው በቀብሩ ላይ በሚገኘው ሰው ብዛት ነው።

«ይህ ሁሉ ሰው በደሴ ትንፋሽ ነው የመጣው?» አሉኝ።

«አዎን፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው ለመምህሩ ንገረው፤ በደንብ ያስተምረው። የኔ ቀብር ለት እንዳያሳጥረው።»

ደሴ ትምህርቱን ቀጠለ፤ መምህሩም አልተነሣ፤ ብርቄም ፊደሏን ገፋች። ለኔ የተረፈኝ ቆዳው ነበር። አድርቄ ልሸጠው ስል መምህሩ ትምህርት ቤቱ ከበሮ የለውም ብሎ መጣ፤ ከኋላው ብርቄ ቆማለች። ሰጠሁ።

የገበያ ቀን ጠዋት ሱቄን ስከፍት ሙክቴ ከትምህርት ቤቱ በኩል ይመታል። የምትመታው ብርቄ ናት፤ ምቱም ያው የቁናው ነው። ገበሬዎቹ ምቱን ለይተው አወቁት። እህላቸውን ሊሸጡልኝ ሲመጡ ገና ቁናውን ሳነሣ እጄን እያዩ ይሥቁ ጀመር፤ መምታቱንም ተውሁት። እንግዲህ ሒሳቡ ይህ ነው፦ ትርፍ፣ አንዲት የተማረች ልጅ። ኪሣራ፣ አንድ ሙክት ከነቆዳው፤ ከያንዳንዱ ቁና ላይ ደግሞ አንድ እፍኝ፣ እስከ ዛሬ።