ዩኒቨርሲቲ በክንድ አይገባም

አገራችን ልጅ ቶሎ ሲድህ ደስ ይላታል፤ ቶሎ ሲራመድ ታጨበጭባለች። ቶሎ ሲያስብ ግን "ምን አቻኮለው?" ትላለች። ይህን የምለው ሰሞኑን በምኖርበት ባዕድ አገር አንድ ብሮሹር እጄ ስለገባ ነው። ትምህርት የቀለላቸው የአሥራ አራት ዓመት ልጆች ኮሌጅ የሚገቡበትን መንገድ ይዘረዝራል፤ ቢሻቸው ግማሽ ቀን እየተመላለሱ፣ ቢሻቸው እዚያው እያደሩ። የሚያማክራቸው ሰው ሳይቀር ተመድቦላቸዋል። አነበብኩና ሦስት ቀን ተናደድኩ። በዚህ ዕድሜ ለአንድ ወረቀት እንዲህ መናደድ ነውር ነው? ይሁን።

እኔ ያደግሁት ኮልፌ ነው፤ ትምህርት ቤት የገባሁትም በክንዴ ነው። ያን ጊዜ የልደት ወረቀት ማን ነበረው? ቀኝ እጅህን በአናትህ ላይ አሳልፈህ ግራ ጆሮህን ከነካህ ለፊደል ደርሰሃል፤ ካልነካህ ወደ እናትህ። እግዜር ክንዴን አርዝሞ ስለፈጠረኝ በአራት ዓመቴ ነካሁ። በኋላ ሁለት ክፍል ዘለልኩና በአሥራ አራት ዓመቴ ማትሪክ አለፍኩ።

ዩኒቨርሲቲው ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ አምጪ አለኝ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ያለ ቀበሌ ማኅተም ስኳርም አይገኝ። ሊቀመንበራችን ጓድ ጥላዬ ቀድሞ የወፍጮ ቤት ዘበኛ ነበር። ማኅተሙን በካፖርቱ ኪስ ይዞ ይዞራል፣ ፊደል ግን አልቆጠረም። ልብስ ሰፊው አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ለመነው። ጓድ ጥላዬ ግን አባቴን "ጋሽ መኮንን፣ ይቺን ጫጩት ከነዚያ ጎረምሶች መሃል ልጨምራት? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አለው። እንቁላሉ ተፈልፍሎ ፊቱ ቆሟል እኮ። የክንዴን ታሪክ ብነግረው ሳቀና "ዩኒቨርሲቲ በክንድ አይገባም" አለኝ።

በሳምንቱ ለመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ጠፋ። የጫጩቷ ስም ከዝርዝሩ አናት ላይ ወጣ። ለመማር ያልደረሰችው ለማስተማር ደረሰች። አባቴ ሄዶ ቢጠይቅ "አብዮቱ ዕድሜ አይጠይቅም" ተባለ። ክፍል ስገባ ደግሞ ፊተኛው ወንበር ላይ የተቀመጠው ማን ነው? ራሱ ጓድ ጥላዬ። ክፍል ውስጥ "እርስዎ፣ መምህርት" ይለኛል፤ በሩን ስንወጣ "አንቺ ልጅ" እሆናለሁ። አንድ ቀን "መጻፍ ስችል የመጀመሪያዋን ደብዳቤ የምጽፈው ላንቺ ነው፣ በገዛ እጄ" ብሎ ማለልኝ።

ከዚህ በላይ ደሞዝ አለ? ዓመቱን ሙሉ ጣቱን ይዤ አስጻፍኩት። አንድ ፊደል ባጣመመ ቁጥር የኔ ዕድል የተጣመመ ይመስለኝ ነበር። ሌሎቹ ተማሪዎች አዳላሽ ብለው አጉረመረሙ፤ እውነታቸውን ነው።

በዓመቱ ቃሉን ጠበቀ። አንድ ጠዋት ሙሉ አጎንብሶ ጻፈ፤ እንዳላይ በክንዱ ከለለው፤ አሽጎም ሰጠኝ። ከጦር ኃይሎች ፌርማታ አውቶቡስ ተሳፍሬ ወደ ዩኒቨርሲቲው እየበረርኩ ሄድኩ። የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ፖስታውን ቀደደና ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልኝ፦ "ይህች ልጅ ዕድሜዋ ገና ነው። ጎበዝ አስተማሪም ስለሆነች ቀበሌያችን ሊለቃት አይችልም።"

ጸሐፊው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርግቶ ደጋግሞ አየው። የቀበሌ ሊቀመንበር እንዲህ አሳምሮ ሲጽፍ አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝና "ማን ይሆን ያስተማረው?" አለኝ።