መቃኞ ሳይቆም አይነቀልም

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ «አይነቀልም!» ባይ አይጠፋም። ሰቆጣ ላይ የገበሬውን የመሬት ይዞታ መረጃ ለሚይዘው ክፍል የደረሰው ግን ከሁሉም የባሰው ነው፤ አቶ ወልደ ሐዋርያት። በልጅነታቸው ዲያቆን፣ ኋላ የኮምፒውተር ባለሙያ ናቸው። ባልደረቦቻቸው «ቄሰ ገበዙ» ይሏቸዋል፤ ዲስክ የሚጠብቁት እንደ ንዋየ ቅድሳት ነዋ!

ጡረታ ሲወጡ ቦታቸውን እንድትረከብ የተመደበችው የትናየት መጀመሪያ ሰሞን ጉድ አለች። አዲስ ዲስክ ሲጨመር «ግባ፣ ቤት ለእንግዳ!» ይሉታል። የመረጃ ቋቱ ሸክሙን ለአዲሱም እስኪያካፍል ከአጠገቡ አይነሡም። አሮጌ ዲስክ ይውጣ ሲባል ግን ወዮ!

«ጋሼ፣ እየተበላሸ ነው እኮ። ልንቀለውና እንገላገል» አለቻቸው አንድ ቀን።

«የያዘው መረጃ ወደ ሌላ ሳይገለበጥ? ተይ እንጂ! ቤተ ክርስቲያን ሊታደስ ሲል መጀመሪያ ምን ይሠራል? መቃኞ! ታቦቱ እዚያ በክብር ይገባል። ጣሪያው የሚነሣው ከዚያ ወዲያ ነው።»

«ይሄ እኮ ዲስክ ነው ጋሼ!»

«የሰሃላ ሰው እርሻ ነው። የአምደወርቅ ባልቴት ድንበር ነው። ነገ አንዱ ጉልበተኛ ቢገፋባት፣ ማስረጃዋን ከየት ታመጪላታለሽ?»

 መረጃው ወደ ሌሎቹ ዲስኮች እየተንቀረፈፈ ሲያልፍ አብራቸው ጠበቀች። የምሳ ሰዓት አለፈ፤ ሆዷ ጮኸ። እሳቸው ጾመኛ ናቸውና ምንም አልመሰላቸው። ባዶ መሆኑ ሲረጋገጥ ዲስኩን በሁለት እጃቸው ስበው «ድካምህን እግዜር ይቁጠርልህ» አሉት። የትናየት ሳቀች። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን እሷም መንቀል ትፈራለች።

የጡረታቸው ጊዜ ሲቃረብ ወንበራቸውን ከወንበሯ አስጠግተው ያላቸውን ሁሉ ያወርሷት ጀመር፤ የትኛው ገመድ እንደሚላላ፣ መብራት ሲሄድ ምን እንደሚቀድም። እሷ እየተማረች በሄደች ቁጥር ፍርሃቷ ባሰ። ብቻዬን ቀርቼ የዚያችን ባልቴት ድንበር ባጠፋውስ? አመሏን ሁሉ የቻሉት ሰውዬ መሄዳቸው ደግሞ ሆዷን አባባት።

በመጨረሻው ቀን ኮታቸውን ደርበው በሩ ላይ ቆሙና ደረታቸውን ነካ አደረጉ።

«በይ እንግዲህ የትናየት፣ አሮጌው ዲስክ ሊነቀል ነው። ተገልብጦ አልቋል?»

ያልነገሯት፣ ያላሳዩዋት ነገር የለም። እሷም አንዱን አልረሳችም።

«ኧረ አላለቀም ጋሼ» አለች፤ እንባዋ መጣ።

 እሳቸውም ኮታቸውን አውልቀው ሚስማሩ ላይ ሰቀሉና ወንበር ሳቡ።

«ካላለቀማ አይነቀልም» አሉ።