የፊንላንድ ሕግ በመፋዛ መንገድ

የውጭ አገር ሕግ የሚያውቅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ፓስፖርት እንኳ ሳያወጣ ነው የሚያውቀው። እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ብዙ አይቻለሁ፤ እንደ ኢድሪስ ያለ ግን አላየሁም።

ኢድሪስ የወንድሜን ልጅ ሊያገባ ነበር። መፋዛ ካሉት ታላቅ አጎታችን ዘንድ የኒካሁን ቀን ለመቁረጥ፣ ወንድሜንና እኔን በመኪና ይዞን ሄደ። መንገዱን ሙሉ ፋሽጋ ስላሉት ትራክተሮቹና ስለ ሰሊጡ አወራልን። መኪናዋም ከወሬው ጋር ትሽቀዳደም ነበር።

"ኧረ ቀስ በል!" አልኩት።

"አክስቴ፣ ጀርመን እኮ የፍጥነት ገደብ የሌለው መንገድ አለ" አለኝ። ያለነው መፋዛ መንገድ ላይ መሆኑን ማን ይንገረው?

የነገረው የትራፊክ ፖሊስ ነው፤ አስቆመው። ታዲያ አርፎ ቅጣቱን አይከፍልም?

"ጀናቡ፣ ጌታዬ፣ ፊንላንድ ቢሆን ሰው የሚቀጣው እንደ ገቢው ነው" ብሎ ፖሊሱን ሕግ ያስተምር ጀመር።

ፖሊሱ ደስ አለው። "ወላሂ ጥሩ ሕግ ነው! ካንተ እንጀምራ። ገቢህ ስንት ነው?"

ኢድሪስ ከጎኑ የተቀመጠውን ወንድሜን አየ። ፖሊሱን አየ። ፖሊሱ እስክሪብቶውን አውጥቶ ይጠብቃል።

"ምን ገቢ አለኝ ጀናቡ? የሰው ትራክተር እየነዳሁ የማድር ድሀ ነኝ። ይቺም መኪና የተዋስኳት ናት።"

ፖሊሱ አዘነለትና ያለ ቅጣት ለቀቀው። ኢድሪስ ደስ ብሎት ሞተሩን አስነስቶ እንደገና ሊበር ሲል፣ ወንድሜ ትከሻውን ነካ አደረገው።

"ቀስ ብለህ ወደ ገዳሪፍ አዙራት፣ ልጄ" አለው። "ከእንግዲህ የሚያስቸኩለን ጉዳይ የለም።"