የአቶ አምባው «ቀን ይያዝልኝ»

ሥልጣኔ ወደ አቃቂ የገባችው በሁለት በር ነው፤ አንደኛው የባቡር ሐዲድ ሲሆን፣ ሁለተኛው የጣቢያው ትኬት ሻጭ የተከበሩ አቶ አምባው ናቸው።

በሰኔ ወር ፈረንሳዊው አለቃቸው አንዲት ካርድ ሰጧቸው። የአለቃው ልጅ በመጪው ዓመት ስለምታገባ፣ ወዳጅ ሁሉ ከወዲሁ ቀኑን እንዲይዝ ካርዷ ታሳስባለች። አቶ አምባው ሦስት ጊዜ አነበቧት፤ ባርኔጣቸውንም አወለቁላት። የባቡር ሰዓት ቀድሞ ይለጠፋል፤ ሰርግስ ከባቡር በምን ያንሳል?

የእሳቸውም ልጅ አስካለማርያም ለጥር ታጭታ ነበር። ወዲያው በጣቢያው የጽሕፈት መኪና እንዲህ ሲሉ መቱ፦

«ጉዳዩ፦ ቀን መያዝን ይመለከታል። የልጃችን ሰርግ ጥር ፳፭ ቀን ስለሚውል፣ ማንኛውም ወዳጅ ይህንኑ ቀን ለሌላ ጉዳይ ሳያውል በጥብቅ እንዲይዝልን እናሳስባለን።»

መቶ ሃያ ቅጂ ተባዛ፤ የጣቢያው ማኅተም አረፈበት። ወረቀቱን ይዞ ባቡር ልሳፈር ያለ ሰውም አልጠፋም።

አገሩ ትእዛዙን በአክብሮት ተቀበለ። ዕድሩ ስብሰባውን አዛወረ። የፋብሪካ ሠራተኞች ተራ ተለዋወጡ። ገበሬው አቶ ጉተማ ውቂያቸውን አስተላለፉ።

በታኅሣሥ የአቶ አምባው ባለቤት ወይዘሮ መሰለች «ጠሪ መቼ ነው የምንልከው?» አሉ።

«የምን ጠሪ?»

«ኑልን የሚል ነዋ!»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ቀኑን ይዞ ቁጭ ብሏል! በየደጁ እየዞሩ መጮህ ኋላ ቀርነት ነው።»

ወይዘሮ መሰለች ኋላ ቀር መባልን ፈርተው ወደ ጠጅ ጥንስሳቸው ተመለሱ።

ቀኑ ደረሰ። ዳስ ተጣለ፤ ሁለት ሰንጋ ወደቀ፤ ሙሽራው ከነሚዜዎቹ በጠዋቱ ባቡር ከደብረ ዘይት ከች አለ። እንግዳ ግን የለም። ሙሽሮቹ ለባዶ አግዳሚ ወንበር እጅ ነሱ።

«አባዬ፣ እኛ ሰው የለንም እንዴ?» አለች አስካለማርያም።

አቶ አምባው ላብ አጠመቃቸው። ወደ ጎረቤታቸው ወደ አዛውንቱ አቶ ሮሪሳ ቤት ሮጡ። ሰውየው ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ጫማቸውን አስወልውለው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«ምን እየሠሩ ነው?»

«ቀን ይዣለሁ።»

«ታዲያ ለምን አይመጡም?»

«የት?»

«ሰርጉ ላይ ነዋ!»

«ጠርተኸኛል?»

አቶ አምባው ያንኑ ባለማኅተም ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩ።

«ያዙልኝ አልክ፤ ያዝኩልህ። ኑልኝ ግን አላልክም። ሳይጠራ የሰው ድግስ የሚሄድ አድርገህ ነው የምታየኝ?»

መቶ ሃያ ቤት፣ መቶ ሃያ ጨዋ ሰው! አቶ አምባው ኮታቸውን ጥለው «ኑልኝ! ስለ ማርያም ኑልኝ!» እያሉ በየደጁ እየዞሩ ጮሁ። አገሩ ግልብጥ ብሎ ሲመጣ ግን ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር፤ የዘጠኝ ሰዓቱ ባቡር ደግሞ ማንንም አይጠብቅምና ሙሽሮቹን ይዞ ነጎደ።

ሥጋው አለ፤ ጠጁ አለ፤ ሙሽራ የለም። ለማን ይዘፈን? አቶ ሮሪሳ መላ መቱ። አቶ አምባውንና ወይዘሮ መሰለችን እየጎተቱ ከሙሽሮቹ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ከጠዋት ጀምሮ ባላቸውን ያላናገሩት ወይዘሮ ፊታቸውን አዙረው ተቀመጡ። ሕዝቡ ጨፈረ፤ ዳሱ በአቧራ ታጠነ። በመጨረሻ አቶ ሮሪሳ ለምርቃት ተነሡ።

«ውለዱ፣ ክበዱ! በዓመቱ ለክርስትናው ያድርሰን!»

«አሜን!» አለ ዳሱ በሙሉ።

የስድሳ ዓመቱ ሙሽራ አቀረቀሩ። ወይዘሮ መሰለች ግን ሳቃቸው አመለጣቸውና ብድግ አሉ።

«ለክርስትናው ሰው የምጠራው እኔ ነኝ!»