የታደሰው ኮምፒውተርና የእትዬ ዘነበች አሸንዳ

«ማን አድሺው አለሽ? ትናንት ደህና ይሠራ አልነበር?»

«እኔ አይደለሁም አባዬ፤ ራሱ ‹ልታደስ?› ሲለኝ እሺ አልኩት እንጂ።»

«እኔ ሳዝሽ ነገ የምትዪው፣ ዕቃ ሲጠይቅሽ ወዲያው እሺ ነው?»

ጭቅጭቁ ከምሳ በፊት የተጀመረ ነው። መታደስ ሲባል ደስ ይላል አይደል? እናንተም ታውቁታላችሁ፤ መታወቂያ ሲታደስ ሰልፍ አለው፣ ቤት ሲታደስ አቧራ አለው። ኮምፒውተር ሲታደስ ደግሞ ዘመዱን ይረሳል። የታደሰው የአባዬ ኮምፒውተር ሳሎን ነው፣ የኔ ጓዳ፤ ፕሪንተሩ ከኔው ጋር ተያይዟል። ድሮ እሱ ሳሎን ሆኖ ሲያዝ ጓዳ ይታተም ነበር። አሁን ግን ሁለቱ አይተያዩም።

«ተኳርፈው ነው?» አለ አባዬ።

ስለ ኩርፊያ እሱን ነው መጠየቅ። ከጎረቤታችን ከእትዬ ዘነበች ጋር ከተኳረፈ አንድ ክረምት አለፈ። የሳቸው አሸንዳ ዝናቡን የሚያወርደው በኛ ግድግዳ ላይ ነው። «ስምን መልአክ ያወጣዋል፤ ዘነበች ተብላ ምን ታድርግ!» ይላል። ፒያሳ የድሮ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ያውቀዋል፤ ግድግዳው የጋራ ስለሆነ ማስነጠሱም የጋራ ነው። «ይማርሽ» መባባሉ ግን ቀርቷል።

የዚያን ቀን ሊያሳትም የፈለገው በር ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ነበር። በትልልቅ ፊደል እንዲህ ይላል፦ «የሰው ግድግዳ የሚያበሰብስ ጎረቤት አይባልም!»

«ተው እባክህ» አለችው እማዬ። «ነገ ሰርግም ለቅሶም አለ። ይሄ ከተለጠፈ በኋላ በየትኛው ዓይናችን እንተያያለን?»

አልሰማትም። በፍላሽ እንዳልወስደው፣ አንዴ ቫይረስ ይዞ ስለገባ ፍላሽ ሳሎን አይደርስም። እኔም በልቤ ‹ምነው ባይስተካከል› እያልኩ፣ አባዬን ስለምፈራ በእጄ አስተካክል ጀመር።

በመጨረሻ ገባኝ። ኮምፒውተሩ ሲታደስ ቤታችንን ከፒያሳ ካፌዎች አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል፤ ካፌ ውስጥ ደግሞ ማንም ከማንም ይደበቃል። ‹ይሄ ካፌ አይደለም፣ ቤት ነው› የሚለውን መረጥኩለት። ወዲያው የፕሪንተራችን ስም ብቅ አለ። ደስ ብሎኝ ማስታወቂያውን እንዲያትም አዘዝኩት።

ጓዳ ጸጥ አለ።

ከግድግዳው ወዲያ ግን፣ ከእትዬ ዘነበች ቤት፣ ክርርርር የሚል ድምፅ ተሰማ።

የእማዬ ፊት አመድ መሰለ። «የዋይፋዩን ፓስዎርድ ሰጥቻት ነበር» አለች በሹክሹክታ። «ልጇ ፈተና ነበረበት፤ ታዲያ ምን ላድርግ? ፕሪንተር ስትገዛም የኛን ዓይነት ግዢ ያልኳት እኔው ነኝ፤ ስማቸውም አንድ ነው።»

አባዬ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ወደ ግድግዳው ዞረ። እንዲተያዩ የፈለግኩት እኮ ሁለት ኮምፒውተሮች ብቻ ነበሩ!

በሩ ተንኳኳና እትዬ ዘነበች ገቡ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፤ ፊደሉ ወደ አባዬ እንዲዞር አስተካከሉት። ከዚያ ቀና ብለው አዩት።

ሰው ሲገባ ተቀምጦ መቆየት አባዬ አልለመደም። ሳያስበው ብድግ አለ፤ «ኖር!» የምትለዋ ቃልም ከአፉ አመለጠችው። ከክረምት ወዲህ ለሳቸው የተናገራት የመጀመሪያ ቃል ናት።

የ«ኖር» መልስ «በእግዜር» ነው። ሁላችንም ጠበቅን።

እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ወጡ።